ቁልፍ የሌላት ጎጆ

አጎቴ ተክላይ ከፊንላንድ ሲመለስ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ሰው ሁለት ሻንጣ እየጎተተ እንደሚመጣ አውቅ ስለነበር፣ ግቢያችን በር ላይ ቆሜ ከታክሲው ሻንጣ እስኪወርድ ጠበቅኩ። አልወረደም። ትከሻው ላይ አንድ ቦርሳ አንጠልጥሎ፣ በእጁ ክዳኗ የዛገ ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ብቻ ይዞ ነበር። ሣጥኗን ሲከፍትልኝ በላባና በቀይ ክር የተጠቀለሉ መንጠቆዎች አየሁ፤ እያንዳንዳቸው ዝንብ ይመስላሉ። ዓሣዋ እውነተኛ ዝንብ መስሏት እንደምትውጠው ነገረኝ። ሻንጣውን ረሳሁት።

ቤታችን ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነበር። እናቴ ለተሚካኤል ያለችንን አንድ ክፍል በመጋረጃ ከፍላ በበሩ በኩል ያለውን ግማሽ ለታናሽ ወንድሟ ሰጠችው። ጎረቤት ሲጠይቃት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወረቀት እንደከለከሉት ትናገር ነበር። እኔ የሚጻፍበት ወረቀት መስሎኝ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ለሰው ወረቀት የሚነፍግ ምን ዓይነት ስስታም አገር ነው ብዬ አዘንኩለት። ከደብተሮቼ መሃል ያልተጀመረውን መርጬ ሰጠሁት። ተቀብሎኝ ሽፋኑን ብዙ ጊዜ ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ግንባሬን ሳመኝና መልሶ ሰጠኝ።

በየማለዳው ከደጃችን እንጨት ይፈልጥ ነበር። እናቴ የምታበስለው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ እንጨት የሚያስፈልገን መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር። እሱ ግን የባሕር ዛፍ ግንድ ከየትም ለቃቅሞ ያመጣል፣ ይፈልጣል፣ ከግድግዳው ሥር እኩል እኩል አድርጎ ይደረድራል። ስለ ጎጆዋ የነገረኝ እየፈለጠ ነው።

በዚያ አገር በስተሰሜን ጫፍ፣ መንደር በሌለበት ጫካ ውስጥ፣ ከግንድ የተሠራች ጎጆ አለች። ባለቤቷ እዚያ አይኖርም፤ በሯም ቁልፍ የለውም። የመኪና መንገድ አይደርስባትም። ዛፎቹ ላይ የተቀባውን ቀለም እየተከተሉ በእግር ነው የሚሄዱት፤ ረግረጉ ላይ ሁለት ሁለት ሳንቃ ተዘርግቷል። ከጎጆዋ በታች ቀለሙ ሻይ የሚመስል፣ ግን ጠጠሩ እስከ ወለሉ የሚታይ ወንዝ ይወርዳል። ዓሣዋ ጀርባዋ ላይ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ክንፍ አላት። በበጋ ጀምበር አትጠልቅም፤ ሰው ሲደክመው እንጂ ሲመሽ አይተኛም።

ጎጆዋ ሕግ ነበራት። ዘግይቶ ለመጣ ሰው ምድጃው አጠገብ ያለው ቦታ ይለቀቅለታል። የሚሄድ ሰው ደግሞ ለሚመጣው እንጨት ፈልጦ፣ ማቀጣጠያውን ከምድጃው ሥር አኑሮ፣ ከክብሪቱ ቀፎ አንዷን እንጨት ወጣ አድርጎ ይሄዳል። ክብሪቷ ለምን ትወጣለች ብዬ ስጠይቀው፣ ጣቱ በብርድ የደረቀ ሰው ከቀፎው ማውጣት እንደሚያቅተው አስረዳኝ። መጨረሻ ላይ ጠረጴዛው ላይ ባለው ደብተር ስሙን፣ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ይጽፋል።

«ሄዶ ከቀረስ?» አልኩት።

«ለዚህ እኮ ነው ደብተሩ። ሰው ከዘገየ ደብተሩን አይተው በሄደበት ይፈልጉታል።»

ይህን ብሎ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተከለውና ወደ ቧንቧው ሄደ። ፊቱን ደጋግሞ ሲታጠብ አየሁት። ሞቆት ነው አልኩ።

አጎቴ ወደዚያ አገር የሄደው ብቻውን አልነበረም። የግቢያችን ልጅ ብርሃነ አብሮት ነበር የወጣው፤ ያኔ እኔ ገና በእግሬ መሄድ የጀመርኩ ሕፃን ነበርኩ። የብርሃነ እናት እማማ አባይነሽ ከኛ በአንድ ግድግዳ ነው የሚለዩት። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጧፍና ሻማ ይሸጣሉ። ቀትር ካለፈ በኋላ ቅርጫታቸውን ይዘው ሲመለሱ ሁልጊዜ አጎቴ ፊት ይቆሙና ልጃቸው እንዴት እንዳለ ይጠይቁታል። እሱም ጫማውን እያየ፣ ጫካ ውስጥ መሆኑን፣ ዓሣ እያጠመደ እንደሚኖር፣ ስልክ እዚያ እንደማይሠራ ይነግራቸዋል። ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣውም። ስለዚህ የቀረውን እኔ እሞላላቸው ነበር። ምድጃውን፣ ሳንቃውን፣ ባለ ጃንጥላዋን ዓሣ፤ ብርሃነ ከወንዙ ዳር ቁጭ ብሎ ዝንብ የመሰለውን መንጠቆ ሲወረውር። አይቼው እንደመጣሁ ሁሉ እናገር ነበር። እማማ አባይነሽ ቅርጫታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዳምጡኝና ተነሥተው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ግን ሲነሡ ቆም አሉ።

«ልዑሌ፣ አንተ አዋቂ ነህና ልጠይቅህ» አሉኝ። «ስሙን ለንስሐ አባቴ በየወሩ እሰጣለሁ። ከመንገደኞቹ ጋር ይጸለይለት ብዬ። አሁን ሦስት ዓመት ድምፁ ጠፋ። ከመንገደኞቹ ጋር ይቆይ ወይስ ካረፉት ጋር ልስጠው? ያላረፈን ሰው ፍትሐት ማስፈታት ኃጢአት ነው። ያረፈውን ደግሞ መንገደኛ ነው ብሎ ማስቀረት...» አልጨረሱትም።

«ከመንገደኞቹ ጋር ነዋ፣ እማማ» አልኳቸው።

ጭንቅላቴን ዳበሱኝ። አጎቴ ከመጋረጃው ጀርባ ነበር፤ ሲያስል ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ሳስበው ያች ደቂቃ ወጥቶ ሊናገር ይችል የነበረባት ናት። አልወጣም። እኔ መልስ ሰጥቼለት ነበር።

በክረምቱ መጨረሻ ላይ ማጥመድ አስተምረኝ ብዬ አስቸገርኩት። ሸምበቆ ቆርጦ ሲባጎ አሰረበትና ራስ መኮንን ድልድይ ሥር ወረድን። ውኃው ጥቁር ነበር፤ ሽታው አፍንጫ ያቃጥላል። ዓሣ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። አወራወሩን ለመልመድ ብቻ ነው አለኝ። ከድልድዩ ላይ የሰፈር ልጆች ተደግፈው ያዩን ነበር።

«ፋዘር፣ የግራ እግር ጫማ ከወጣ የኔ ነው» አለ አንድ ሊስትሮ።

«ፌስታል ከያዝክ አጥበህ ስጠን፤ ደህና ዋጋ አለው» አለ ሌላው።

አጎቴ ሳቀ፤ ከመጣ ጀምሮ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው። በእርግጥም ፌስታል ያዝን፤ ልጆቹ አጨበጨቡልን። ከዚያ እኔ መንጠቆውን ላላቅቅ ድንጋዩ ላይ ስራመድ ሸርተት አልኩ። ውኃው ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ብቻ ነው የደረሰው። አጎቴ ግን ዘሎ ክንዴን ያዘኝ። ከንፈሩ ነጭ ሆነ። ወደ ዳር አውጥቶኝም አልለቀቀኝ፤ ሽቅብ እስከ ቤታችን ድረስ ክንዴን እንደጨበጠ ሄድን። የጣቶቹ ምልክት ቆዳዬ ላይ ሳምንት ቆየ። እናቴ ስትጠይቀኝ ውኃው ስለበረደው ነው አልኳት።

ያኔ ነው የኛም ቤት ደብተር ያስፈልገዋል ብዬ ያሰብኩት። አጎቴ የመለሰልኝን ያንኑ ደብተር በሲባጎ አሥሬ በራችን ላይ ካለው ምስማር አንጠለጠልኩት። ብርሃነ ሲመጣ መንገዱ እንዳይጠፋው ደግሞ ከድልድዩ እስከ ግቢያችን ድረስ በየግንቡ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። ሰባት ዓመት የቀረ ሰው ፒያሳን አያውቃትማ። በደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ በጥንቃቄ፣ «ብርሃነ። ከፊንላንድ። ወደ እናቱ ቤት።» ብዬ ጻፍኩ። ሲደርስ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቀው ነው።

አጎቴ ሲገባ ደብተሩን አየው። ቆሞ አነበበ። ከዚያ ገጹን ከሥሩ ቀደደው፣ አጣጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። አልመታኝም፤ ቢመታኝ ይሻል ነበር።

ያን ቀን ምን እንዳጠፋሁ ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻም የደረስኩበት ይህ ነበር፤ ደብተሩ ላይ ሰው ስሙን በገዛ እጁ ነው የሚጽፈው። እኔ ለሌላ ሰው ጻፍኩ፣ ሕጉን ጣስኩ። ልክ እንደገባኝ እርግጠኛ ስለነበርኩ ስሕተቴን ለማረም ተነሣሁ። እማማ አባይነሽ በየቀኑ ይመጣሉ፣ መጻፍ ግን አያውቁም። እንግዲህ አስተምራቸዋለሁ።

መጀመሪያ ሳቁብኝ። በኋላ ግን ቅርጫታቸውን አስቀምጠው እርሳሱን እንደ ጧፍ በሁለት ጣት ያዙት። «እሺ የኔታ» ይሉኝ ነበር። እጃቸው ሰም ሰም ይሸታል፤ ወረቀቱ ላይ ቅባት ይቀራል። ስማቸውን ለመልመድ ዐሥራ አምስት ቀን ፈጀባቸው። ከዚያ የልጄን ደግሞ አሳየኝ አሉ። አሳየኋቸው። «ነ»ን ሲያገኟት ጣታቸውን አኖሩባት።

«ይችን ከኔ ነው የወረሳት» አሉ።

ጥቅምት ገብቶ ነበር። አጎቴ የጥበቃ ሥራ አለ ተብሎ ሊጠይቅ ሄዷል። እማማ አባይነሽ ደጃችን በርጩማ ላይ ተቀምጠው በደብተሩ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጃቸው ስማቸውን ጻፉ። ፊደሎቹ እንደ ሰካራም ይዘማሉ፤ ግን አባይነሽ ይላል። ደስታዬ ልኩን አጣ። ሌላም ነገር ላሳያቸው ፈለግኩ። የአጎቴን የቆርቆሮ ሣጥን አወጣሁ። ከመንጠቆዎቹ ሥር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት እንዳለ አውቅ ነበር። እኔ የጻፍኩት ገጽ አይደለም፤ ወፍራም፣ መስመሩ አረንጓዴ የሆነ፣ በአንድ ጎኑ የተቀደደ ሌላ ወረቀት ነው። ከላይ በፈረንጅ ፊደል ተጽፎበታል፣ ከሥሩ በአማርኛ።

«ብርሃነም በገዛ እጁ ጽፏል፣ ይዩት» አልኳቸው።

ብዙ ጊዜ ፈለጉ። «ነ»ን አገኟት፤ ከእሷ ወደ ኋላ ተመልሰው ስሙን አነበቡት። ዓይናቸው እንባ ሞላ። የቀረውን አንብብልኝ አሉኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ክፍል ውስጥ እንደማነበው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው።

«ብርሃነና ተክላይ። ከአስፋልቱ መንገድ መጣን። ነገ ወንዙን ተሻግረን ወደ ምዕራብ እንሄዳለን። እንጨት ፈልጠናል። ሐበሻ ከመጣ፣ ዓሣው ጥሩ ነው። ከቀረን ፈልጉን።»

እማማ አባይነሽ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። የተቀደደውን ጎን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ደብተሩ የት ነው የሚቀመጠው ያልከኝ?»

«ጎጆዋ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ።»

«ታዲያ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ለማስታወሻ ይዞት መጥቶ ነዋ» አልኩ።

እርሳሱን ደብተሩ ላይ አስቀመጡት። ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ አስተካክለው ቤታችን ገብተው ተቀመጡ። አጎቴ ከሰዓት በኋላ ሲገባ እንደዚያው ነበሩ። ወረቀቱን እጃቸው ላይ ሲያይ በሩ ላይ ቆመ፤ እግሩ ደጃፉን አልሻገር አለ።

«ልዑሌ፣ ውጣና ተጫወት» አሉኝ እማማ አባይነሽ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር።

ወጣሁና ከፍልጡ ክምር ጀርባ ተጠጋሁ። ከውስጥ ንግግሩ እየተቆራረጠ ይመጣ ነበር። ከዚያ የእሳቸው ድምፅ፣ «መቼ?»

«መስከረም ላይ» አለ አጎቴ።

ከዚህ በኋላ መስማት አላስፈለገኝም። ጥቅምት ላይ ሆነው ስለ መስከረም ሲያወሩ፣ ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል አልታየኝም፤ ብርሃነ በመጪው መስከረም ይመጣል። ሮጥኩ። እናቴ የምትሰፋው ቁልቁል ባለችው የረሂማ ልብስ ስፌት ቤት ነበር። ረሂማ ከእናቴና ከእማማ አባይነሽ ጋር ዕድሜ ልኳን ጎረቤት የነበረች የወሎ ሴት ናት። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነገርኳቸው። ብርሃነ ሊመጣ ነው፣ አጎቴ ቀኑን ለእማማ አባይነሽ እየነገራቸው ነው አልኩ። እናቴ መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደሰካች ተነሣች። ረሂማ ሱቁን እንኳ አልዘጋችም።

ሁለቱ ከግቢው በር ሲደርሱ እልል አሉ። ረሂማ እልልታዋ ይታወቃል፤ ድምጿ ከድልድዩ ማዶ ይሰማል። ሦስት ጊዜ እልል አለች፣ እናቴ ተቀበለቻት፣ የግቢው ሴቶችም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ከየቤታቸው እየወጡ ተቀበሉ። እኔ ከፊት ከፊት እሮጥ ነበር። ከቤታችን ውስጥ የእማማ አባይነሽ ጩኸት የወጣው እልልታው ላይ ነው። ለአንድ አፍታ ሁለቱ ድምፆች አብረው ነበሩ። ከዚያ እልልታው አንድ በአንድ ወደቀ።

እናቴ ታሪኩን ሙሉውን የነገረችኝ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ሲሆን ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቁሜ ስድስት ኪሎ ፎቶኮፒ ቤት መሥራት ጀምሬ ነበር። ወረቀት የተባለው የመኖሪያ ፈቃድ ነበር። ሲከለከሉ በእግራቸው ጫካውን አቋርጠው ወደ ጎረቤት አገር ሊያልፉ ተነሡ። ጎጆዋ ውስጥ ያደሩት አንድ ቀን ነው። ብርሃነ የቤቱ ሕግ ነው ብሎ ጻፈ። አጎቴ ፖሊስ ስማችንንና አቅጣጫችንን አይቶ ይከተለናል ብሎ ፈራ፤ ብርሃነ ውኃ ሊቀዳ ሲወጣ ገጹን ቀደደው። በማግስቱ ወንዙን ሲሻገሩ ብርሃነ ተንሸራተተ፤ አጎቴ እጁን ይዞት ነበር፣ ከዚያ አልያዘውም። በረዶ መጣል ጀምሮ ነበር። ሁለት ቀን በወንዙ ዳር እየተጣራ ወረደ። አስፋልቱ ላይ ሲወጣ ያዙት። ገደልከው እንዳይሉት ፈርቶ፣ ብቻውን እንደነበር ተናገረ። ስለዚህ ማንም አልፈለገውም። ወረቀቱን ግን ሊጥለው አልቻለም፤ በሣጥኑ ይዞት ዞረ። አስረውት፣ አመላልሰውት፣ በመጨረሻ እኛ ግቢ በር ላይ እስኪወርድ ሦስት ዓመት ሞላ። እማማ አባይነሽም ልጃቸውን ከመንገደኞቹ ጋር ያቆዩት ያን ያህል ጊዜ ነው።

ለቅሶው ሦስት ቀን ቆየ። ድንኳን ተተከለ፤ ሬሳ ስለሌለ የብርሃነን ፎቶግራፍ ወንበር ላይ አቆሙት። አጎቴ ድንኳኑ ውስጥ ለመግባት አልደፈረም፤ ከግቢው ልውጣ ቢልም የተቆጣው የሰፈር ሰው ሊይዘው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እማማ አባይነሽ በሁለት ሴቶች ተደግፈው ወደ እሱ መጡ። ሁሉም ይረግሙታል ብሎ ጠበቀ።

«የሚሄድ ሰው ለሚመጣው እንጨት ፈልጦ ይተዋል አሉ» አሉት። «ድንኳኑ እንግዳ ሞልቶታል። ፍለጥ።»

ሦስቱን ቀን ፈለጠ። የለቅሶው ንፍሮና ወጥ የተቀቀለው በዚያ እንጨት ነው። ማንም አላናገረውም፣ ማንም ምግብ አልሰጠውም፤ እናቴ ብቻ ውኃ ታስቀምጥለት ነበር። እኔ አጠገቡ ለመቆም ፈለግኩ፣ ግን አፈርኩ። በኔ የተነሣ የተበላሸ ነገር እንዳለ ተሰምቶኛል፤ የቱ እንደሆነ አላወቅኩም። እልልታው ይሆን? ሣጥኑ? ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሰው ፊት ብዙ አልናገርም።

በአራተኛው ማለዳ አጎቴ አልነበረም። ፍልጡ እስከ መስኮቱ ተደርድሯል። ደረቁ ጭራሮ ከበራችን ውስጥ ነበር፣ አጠገቡ የክብሪት ቀፎ፣ አንዷ እንጨት ወጣ ብላለች። ደብተሩ ላይ፣ ከእማማ አባይነሽ ስም ሥር፣ «ተክላይ። ከዚህ ቤት። ወደ» ይላል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው።

የብርሃነ ፍትሐት ተፈታ፣ ተዝካሩ ወጣ። ተዝካሩ ባለፈ በሳምንቱ እማማ አባይነሽ ደጃችን መጥተው እናቴን የወንድሟን የክርስትና ስም ጠየቋት። ኃይለ ቃል ሊናገሯት የመጡ መስሏት ደነገጠች።

«ከመንገደኞቹ መሃል አንድ ቦታ ተከፍቷል» አሉ። «ባዶ አይሁን።»

እስኪያርፉ ድረስ በየወሩ ስሙን ሰጡ። አሁን እናቴ ትሰጣለች።

ባለፈው ዓመት ግቢያችን ፈረሰ። ቤት የተሰጠን አራብሳ ነው፤ ከፒያሳ ሁለት ታክሲ ነው። ዕቃችንን ስንጭን ደብተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወሰድኩት። አጎቴ ተመልሶ ቢመጣ በሩ የለም፣ ምስማሩም የለም፣ ድንጋዩ እንኳ ተጠርጎ ተወስዷል። ድልድዩ ግን አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ከስድስት ኪሎ ወደዚያ እወርዳለሁ። ሰው እስኪቀንስ ዳር እቆምና ከድልድዩ ግንብ ጥግ፣ የመጀመሪያውን የጠመኔ ምልክት ካደረግኩበት ቦታ ላይ እጽፋለሁ።

«ለተሚካኤልና ልዑል። ከላይኛው ግቢ። ወደ አራብሳ። ፈልገን።»

ዝናብ ያጥበዋል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ እንደገና እጽፈዋለሁ።